ፎርኤቨር 21፦ የስደተኛ ባልና ሚስት ልብስ ቤት አነሳስና አወዳደቅ

ፎርኤቨር 21 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተጀምሮ ብዙ አገር ያዳረሰ የልብስ መደብር ነው። በአማርኛ ስለ እሱ የተጻፈ እምብዛም ስለማይገኝ ዋና ዋናው እዚህ ተሰብስቧል። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሥራቾቹ ዱ ዎን ቻንግ እና ባለቤቱ ጂን ሱክ በ1981 ከደቡብ ኮሪያ አሜሪካ ገቡ። ገንዘብ የላቸውም፣ ዲግሪ የላቸውም፣ እንግሊዝኛቸውም ገና ነው። እሱ ቡና ቤት ይሠራል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ቢሮ ያጸዳል። እሷ ፀጉር ትሠራለች። ይሄን ኑሮ በስደት ያለፈ ሐበሻ ነጋሪ አያስፈልገውም። ዱ ዎን ማደያው ላይ ሲሠራ አንድ ነገር ልብ አለ፤ ምርጥ ምርጥ መኪና የሚነዱት ሰዎች ልብስ ነጋዴዎች ናቸው። በ1984 ያጠራቀሙትን 11 ሺህ ዶላር ይዘው ሃይላንድ ፓርክ ሰፈር፣ ፊጌሮአ ጎዳና ላይ አንዲት ሱቅ ከፈቱ። ስፋቷ 84 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ስሟም ፋሽን 21 ነበር፤ ፎርኤቨር 21 የተባለው ኋላ ነው። አምራቾች የተረፋቸውን ልብስ በቅናሽ ያነሱና በርካሽ ይሸጡታል። መጀመሪያ ደንበኞቻቸው እዚያው ከተማ ያሉ ኮሪያውያን ነበሩ፣ ቆይቶ ግን ወሬው ሰፈሩን አልፎ ሄደ። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭ 700 ሺህ ዶላር ደረሰ። ለሁለት ባዶ እጅ ለመጡ ሰዎች ይሄ ትልቅ ሥራ ነው።

በ1989 ፓኖራማ ሲቲ ሞል ገቡ፤ ዘጠናዎቹ ከሞል ሞል በመስፋፋት አለፉ።

መደብሩ የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው። አዲስ ልብስ በየቀኑ ይገባል፣ ዛሬ የታየው ነገ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የወደደች ልጅ እያየች አታልፍም፣ ዋጋውም ኪስ አይጎዳም። የሚገባውን ልብስ የምትመርጠው ጂን ሱክ ራሷ ነበረች። ቢጫው የፕላስቲክ ከረጢት ሥር ደግሞ «ዮሐንስ 3፥16» የሚል በትንሹ ይታተም ነበር። ባልና ሚስቱ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ዱ ዎን ማለዳ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ ሰው ነበር። ኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ኖሮት አያውቅም፣ ግን ልብሱ በዘመድ ሻንጣ ከአሜሪካም ከዱባይም ይገባ ነበር።

ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ሌሎች ሲዘጉ እሱ ሰፋ። መርቪንስን የመሰሉ ትልልቅ መደብሮች የለቀቁትን ቦታ እየተከራየ ገባበት። በ2010 ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ የከፈተው ቅርንጫፍ ከ8 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ሲሆን የመሞከሪያ ክፍሎቹ ብቻ 151 ነበሩ። በ2015 አካባቢ ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በከፍታው ዘመን 800 ያህል ቅርንጫፍና 43 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ነበረው።

ክስም አላጣውም። በ2001 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 19 ልብስ ሰፊዎች ዝቅተኛው ደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ አልተከፈለንም ብለው ከሰሱ፣ ሰው ከመደብሩ እንዳይገዛም ዘመቻ ተደረገ። ኩባንያው ሰፊዎቹን የቀጠሩት ኮንትራክተሮች ናቸው አለ፤ ነገሩ በ2004 በስምምነት አለቀ። በ2016 ግን የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በከተማው ያሉ የስፌት ቤቶችን ሲመረምር በሰዓት 4 ዶላር ብቻ የሚከፈላቸው ሰፊዎች አገኘ። ከስፌት ቤቶቹ አንዳንዶቹ ለፎርኤቨር 21 የሚሰፉ ነበሩ። ይሄን በኮንትራክተር ማሳበብ አይቻልም፤ ርካሹ ዋጋ የሚመጣው ከሰፊዋ እጅ ነው። ዲዛይናችንን ቀዳብን ያሉም ብዙ ናቸው። ታዋቂዋ ዲዛይነር ዳያን ቮን ፈርስተንበርግ አንዷ ናት። አብዛኛው ክስ በድርድር ስለተዘጋ ቀድቷል ወይስ አልቀዳም የሚለው እንደተመልካቹ ነው።

የጎዳው ያሳደገው ስፋት ነው። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ7 አገር ወደ 47 አገር ገባ። ኪራዩ የረጅም ዘመን ውል ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ወጣቱ ደግሞ ሞል መሄድ ትቶ ስልኩ ላይ መግዛት ጀመረ። ውሳኔው ሁሉ በቤተሰቡ እጅ ነበርና ቶሎ የሚያርም ሰው አልተገኘም። መስከረም 29 ቀን 2019 ዕዳውን በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሆኖ ለማስተካከል የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፤ ከእስያና ከአውሮፓም በአብዛኛው ወጣ።

በ2020 ሳይመንና ብሩክፊልድ የተባሉት የሞል ባለቤቶች የንግድ ስም እየገዛ ለሌሎች በፈቃድ ከሚሰጠው ከኦተንቲክ ብራንድስ ጋር ሆነው በ81 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ሞሎቹ የገዙት ለልብሱ ብለው ብቻ አይደለም፤ እሱ ከወጣ የሚቀርባቸው ኪራይ ብዙ ነው። የቻንግ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ባለቤት አልነበረም።

ከዚያ በኢንተርኔት ርካሽ ልብስ የሚሸጠው ሺኢን መጣ። ዋጋው ከፎርኤቨር 21 ይረክሳል፣ ከ800 ዶላር በታች የሆነ እሽግም ያኔ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። በ2023 ሁለቱ አብረው መሥራት ቢጀምሩም አላዳነውም። በመጋቢት 2025 ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ አወጀ፣ አሜሪካ ውስጥ የቀሩት 350 ያህል ሱቆችም ተዘጉ። ስሙ አሁንም የኦተንቲክ ንብረት ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሱቆች በስሙ ለመነገድ ፈቃድ በወሰዱ ሌሎች ነጋዴዎች እጅ ስለነበሩ መዘጋቱ እነሱን አልነካም።