ፔብል፦ ተለክቶ ያልወጣው የአላስካ መዳብ

ፔብል በደቡብ ምዕራብ አላስካ፣ ከአንኮሬጅ ከተማ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከኢሊያምና ሐይቅ በስተሰሜን የሚገኝ የመዳብ፣ የወርቅና የሞሊብዲነም (አረብ ብረትን ለማጠንከር የሚውል ማዕድን) ክምችት ነው። በዓለም ላይ ከታወቁትና ገና ማምረት ካልተጀመረባቸው የመዳብ ክምችቶች መካከል ከግዙፎቹ ተርታ ይመደባል። ስሙ በእንግሊዝኛ «ጠጠር» ማለት ነው፤ በቢሊዮን ቶን ለሚቆጠር ዓለት እንዲህ ያለ ስም መውጣቱ ፈገግ ያሰኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ክምችቱ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ፖርፊሪ ከሚሉት ዓይነት ነው። የዛሬ 90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በክሪቴሺየስ ዘመን፣ ከጥልቅ የተነሣ ቅልጥ ዓለት ቀድሞ በባሕር ወለል ተነባብሮ በጠጠረው የጭቃና የደለል ዓለት ውስጥ ሰርጎ ገባ፤ የምድርን ገጽ ሳያይም እዚያው ቀዝቅዞ ግራኖዳዮራይት የሚባል ጠንካራ ዓለት ሆነ። በቀዘቀዘ ቁጥር የለቀቀው ትኩስና ጨዋማ ፈሳሽ በዙሪያው ያለውን ዓለት በእልፍ ቀጫጭን ስንጥቆች ሰነጣጠቀው። በየስንጥቁም መዳብ ያዘለውን ቻልኮፓይራይት ከፓይራይትና ከሞሊብዲናይት ጋር እያስቀመጠ አለፈ። ስለዚህ በፔብል ተከትለውት የሚቆፍሩት ወፍራም የማዕድን ሥር የለም፤ ማዕድኑ በዓለቱ ሁሉ እንደ ጨው ተነስንሷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የፍለጋውን ታሪክ ወስኖታል። ምድሪቱ ወደ ምሥራቅ አዘነበለች፤ የምሥራቁ ጫፍ በስብራት ተቆርጦ ወደ ታች ሰመጠ፤ በላዩም ከእሳተ ገሞራ የወጣና በውኃ የተነባበረ ወጣት ዓለት በመቶዎች ሜትር ውፍረት ተከመረበት። ምዕራቡ ግን ግግር በረዶ ትቶት ከሄደው ስስ አፈር በቀር መሸፈኛ አልነበረውም።

የካናዳው ኮሚንኮ ኩባንያ በ1987 ዓ.ም. በአካባቢው ሲያስስ ያገኘው ይህን የተጋለጠውን ክፍል ነው። በ1988 መሰርሰር ጀመረ፤ እስከ 1997 ድረስም አልፎ አልፎ ቀጠለ። የመዳቡ መጠን መካከለኛ፣ ቦታውም የመኪና መንገድ የማያውቀው በመሆኑ ሥራው በዚያው ቆመ። በ2001 ኖርዘርን ዳይናስቲ የተባለ ሌላ የካናዳ ኩባንያ ተረከበውና ቁፋሮውን ወደ ምሥራቅ ገፋው። በ2005 መሰርሰሪያው ወጣቱን ሽፋን በስቶ ከምዕራቡ የሚበልጥ መዳብ ያለበትን የተቀበረ ክፍል አገኘ። በእኔ ግምት የፔብል ፍለጋ ዋና ክንውን ይህ ነው፤ ላይ ላዩን ምንም ምልክት ያልነበረውን ነገር በጂኦሎጂ አመክንዮ ብቻ ተከትሎ መድረስ ቀላል አይደለም።

በድምሩ ከ1,000 በላይ ጉድጓዶች ተሰርስረዋል። በተሻለ እርግጠኝነት የተገመተው ክፍል 6.5 ቢሊዮን ቶን ያህል ዓለት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቶን በአማካይ 4 ኪሎ ግራም መዳብና 0.34 ግራም ወርቅ አለ። ለጣት ቀለበት የማይበቃ ወርቅ ነው፤ በቢሊዮን ሲባዛ ግን ከ2,000 ቶን ያልፋል፤ መዳቡም 26 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይደርሳል።

ይህን ሀብት ብለው የመጡ ትልልቅ ኩባንያዎች ተራ በተራ ወጥተዋል። በ2007 በእኩል ድርሻ የገባው አንግሎ አሜሪካን ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካወጣ በኋላ በ2013 ለቀቀ። ሪዮ ቲንቶ በ2014 የኖርዘርን ዳይናስቲ አክሲዮኖቹን ለሁለት የአላስካ በጎ አድራጎት ተቋማት በነፃ ሰጠ።

ምክንያቱን ለመረዳት የውኃውን አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ክምችቱ የተኛው ወደ ኑሻጋክና ወደ ክቪቻክ ወንዞች በሚፈስሱ ምንጮች መነሻ ላይ ነው። ሁለቱም የሚገቡት በዓለም ትልቁ የሶካይ ሳልመን ዓሣ ፍልሰት ወደሚታይበት ብሪስቶል የባሕር ወሽመጥ ነው፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ኑሮም በዚሁ ዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። ሳልመን የተፈለፈለበትን ጅረት የሚለየው በማሽተት ሲሆን፣ በውኃ የሟሟ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ይህን የማሽተት ችሎታውን ያደነዝዘዋል። የፔብል ዓለት ደግሞ ድኝ አለበት፤ ተፈጭቶ አየርና ውኃ ሲያገኝ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም መዳቡን ያሟሟል።

የአሜሪካ ጦር የምሕንድስና ክፍል በኅዳር 2020 የማዕድን ማውጫውን ፈቃድ ከለከለ። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው በጥር 2023 በንጹሕ ውኃ ሕጉ መሠረት የማዕድኑን ተረፈ ምርት በአካባቢው ውኃዎች ውስጥ መጣልን አገደ። ኖርዘርን ዳይናስቲና የአላስካ ግዛት በ2024 እገዳውን በመቃወም ፍርድ ቤት ሄደዋል።