የድሬዳዋ ከተማ ደጋፊዎች በክፉ ዘመን

ድሬዳዋ በእግር ኳስ ብትኮራ ይገባታል። የጥጥ ፋብሪካው ክለቧ እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ደግሞ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ተጉዞ በማሊው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 ተሸንፏል። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድም ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየርና ኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት በድሬዳዋ ስታዲየም ነበር።

የዛሬው ደጋፊ የወረሰው ይህን ዝና ነው፤ የሚያየው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ከተማዋን የሚወክለው ክለብ፣ ድሬዳዋ ከተማ፣ በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የአገሪቱ ዋና ውድድር ወደሆነው ፕሪሚየር ሊግ ካደገ ወዲህ የሊጉን ዋንጫ አላነሳም። ደጋፊው የለመደው የሠንጠረዡን ግርጌ ማስላት ነው፦ ወደ ታችኛው ሊግ ከሚያወርደው ወራጅ ቀጠና በስንት ነጥብ እንራቃለን? ከታች ያሉት እርስ በርስ የሚገናኙት መቼ ነው?

«ብርቱካናማዎቹ» የሚባለው ቡድን ሜዳ ሲገባ የከተማዋ ሰፈሮች ከዚራም መጋላም ሳቢያንም አንድ ቀለም ይለብሳሉ። በመቀመጫዎቹ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይደባለቃሉ። ጎል ሲቆጠርባቸው ጥቂቶች ተነሥተው ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ «አቦ ተዉ እንጂ!» እያሉ ተከላካዩን ይቆጣሉ፣ ወዲያውም ጭብጨባው ይቀጥላል። ይህ ቁጣ ከታማኝነት ጋር የሚጣላ አይመስለኝም፤ ግድ የሌለው ሰው በዚያ ሙቀት ተቀምጦ አይቆጣም።

ታማኝነቱን ከሁሉ በላይ የፈተነው ግን የሊጉ አካሄድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች በየተራ ስለሚካሄዱ፣ ድሬዳዋ አስተናጋጅ በሆነችባቸው ዓመታት እንኳ ቡድኑ በደጋፊው ፊት የሚጫወተው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ውድድሩ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ አዳማ ሲዛወር ቡድኑም አብሮ ይሄዳል። የመውረድ ስጋቱ በሚበረታበት ሰዓት ደጋፊው ከቡድኑ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ያፈጣል። ድምፁ ለተጫዋቹ አይደርስም፤ እሱ ግን ይጮኻል።

ሌላው ችግር ዝውውር ነው። ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ በአጭር ውል ስለሚፈርሙ ክረምት በመጣ ቁጥር ቡድኑ እንደ አዲስ ይዋቀራል። ባለፈው ዓመት ከመውረድ ያዳነ አጥቂ በሚቀጥለው ዓመት ተጋጣሚ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ፍቅሩ በሰው ላይ ሳይሆን በማሊያው ላይ ያርፋል።

በእኔ ግምት የድሬ ደጋፊ ከሽንፈት ይልቅ የሚፈራው መጥፋትን ነው። ያ ገናና የፋብሪካ ክለብ ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የለም። ጎረቤቷ ሐረርም በአንድ ወቅት ሐረር ቢራን የመሰለ ክለብ ነበራት፤ አሁን በፕሪሚየር ሊጉ የምትወከልበት ቡድን የላትም። ድሬዳዋ ከተማ የቆመው በከተማው አስተዳደር ድጎማ በመሆኑ፣ አንዴ ከወረደ በጀቱም ትኩረቱም አብሮት እንዳይወርድ ደጋፊዎቹ ይሰጋሉ። በክፉ ዘመን ከደጋፊው አፍ የማይጠፋው ጥያቄም ከዚሁ የመነጨ ነው፦ በየዓመቱ ከውጭ ለሚመጣው ተጫዋች የሚወጣው ገንዘብ በከተማዋ ሜዳዎች ለሚያድጉት ልጆች ለምን አይውልም?