ፓራላክስ ምንድን ነው? ለነጥብ 22 ስኮፕ ሲመረጥ ከማጉላቱ በፊት የሚጠየቀው

ለነጥብ 22 (የጥይቱ ውፍረት 0.22 ኢንች ገደማ ለሆነ) የዒላማ ጠመንጃ ስኮፕ፣ ማለትም አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ፣ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት «ፓራላክሱ የተስተካከለው ለስንት ሜትር ነው?» የሚለው ነው።

ፓራላክስ ማለት ዓይን ቦታ ሲቀይር፣ በተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ የተንሸራተተ መስሎ መታየቱ ነው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው የፍጥነት መለኪያውን ቢያይ መርፌው ሾፌሩ ከሚያነበው ሌላ ቁጥር ላይ ያርፍበታል፤ መርፌውና ቁጥሩ አንድ ገጽ ላይ አይደሉምና። ስኮፕ ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። የፊተኛው ሌንስ የዒላማውን ምስል ቱቦው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል። የማነጣጠሪያው መስቀል፣ ሪቲክል የሚባለው፣ የራሱ ቋሚ ቦታ አለው። ምስሉ ልክ ሪቲክሉ ላይ ካረፈ ዓይን ወዲህ ወዲያ ቢል ለውጥ የለም። ከፊቱ ወይም ከኋላው ካረፈ ግን ጠመንጃው ሳይነቃነቅ መስቀሉ ዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ምስሉ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የዒላማው ርቀት ስለሆነ፣ ማስተካከያ የሌለው ስኮፕ ከዚህ ስህተት ነጻ የሚሆነው ፋብሪካው በመረጠለት አንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው።

ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለትልልቅ ጠመንጃዎች የሚሠሩት ማስተካከያ የሌላቸው ስኮፖች በብዛት ለ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ ተስተካክለው ይወጣሉ። ለሪምፋየር፣ ማለትም እንደ ነጥብ 22 የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ ለሚተኮሰው ጥይት፣ ተብለው የሚሠሩት ግን በብዛት ለ50 ያርድ (46 ሜትር ገደማ) ነው። የነጥብ 22 ዋናው የዒላማ ርቀት ደግሞ 50 ሜትር ነው።

የስህተቱን ጣሪያ በቀላል ስሌት ማግኘት ይቻላል። ስኮፑ በተስተካከለበት ርቀትና በዒላማው መካከል ያለውን ልዩነት ለተስተካከለበት ርቀት አካፍሎ፣ በፊተኛው ሌንስ ስፋት ግማሽ ማባዛት ነው። ሌንሱ 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ለ100 ሜትር የተስተካከለ ስኮፕ በ50 ሜትር ላይ እስከ 10 ሚሊሜትር ሊያሳስት ይችላል። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ50 ሜትር ጠመንጃ ዒላማ ላይ የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ነው። (በዚያ ውድድር ስኮፕ አይፈቀድም፤ ለመለኪያ ያህል ግን ጥሩ ነው።) ለ50 ያርድ የተስተካከለ ተመሳሳይ ስኮፕ በ50 ሜትር ላይ ከ2 ሚሊሜትር አያልፍም፤ 25 ሜትር ላይ ከተተኮሰበት ግን ወደ 9 ይወጣል። እርግጥ ይህ ዓይን ምስሉ ሊጠፋበት እስኪቃረብ ድረስ ከመሃል ሲወጣ ነው። ጭንቅላቱን የሚያረጋጋ ተኳሽ ከዚህ እጅግ ባነሰ ይሳሳታል።

በአንድ ርቀት ብቻ የማይወሰን ሰው ማስተካከያ ያለው ቢይዝ ይሻለዋል። ማስተካከያው የፊተኛው ሌንስ ላይ የሚዞር ቀለበት ወይም በቱቦው በግራ በኩል ያለ ቁልፍ ነው። ሲገዛ የሚታየው ትንሹ ቁጥር ነው፤ ከ50 ሜትር በታች የማይወርድ ስኮፕ ለነጥብ 22 ብዙም አይረዳም።

አጠቃቀሙ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ እያዩ በዓይን በኩል ያለውን ማጥሪያ እያዞሩ መስቀሉን ማጥራት ነው፤ ዓይን ራሱን እያስተካከለ እንዳያታልል ለአፍታ እያዩ ዞር ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፎ፣ ሳይነኩት፣ ጭንቅላትን ወደ ቀኝና ግራ፣ ወደ ላይና ታች ማንቀሳቀስ። መስቀሉ ጭንቅላትን ተከትሎ ከሄደ ስኮፑ ከዒላማው አልፎ ተስተካክሏል፤ በተቃራኒው ከሄደ ከዒላማው ወዲህ ነው። መስቀሉ ረግቶ እስኪቆም ማዞር ነው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሜትር ግምት ነውና አይታመንም፤ ምስሉ ጥርት ማለቱም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የስኮፕ አገጣጠምም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ማሰሪያ ቀለበቶቹ ከመጠን በላይ ከፍ ካሉ ጉንጭ ሰደፉ ላይ መቀመጡ ይቀርና አገጭ ይተካዋል፤ ያኔ ዓይን በየተኩሱ ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል። ስለዚህ የፊተኛው ሌንስ በርሜሉን ሳይነካ፣ የማቀባበያው እጀታም ሳይጋጭ የሚቻለውን ያህል ዝቅ ማድረግ ነው። ብዙ የነጥብ 22 ጠመንጃዎች ስኮፕ የሚታሰርበት 11 ሚሊሜትር ቦይ ስላላቸው ለፒካቲኒ (ሰፋ ላለው፣ አግድም ቦዮች ላሉት የማሰሪያ ሐዲድ) የተሠራ ቀለበት አይይዝላቸውም። ብሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ ዓይን ጨፍኖ ጉንጭን እንደልማድ ማሳረፍና ዓይን መግለጥ ነው። ጥቁር ጥላ ከታየ ስኮፑን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማንሸራተት እንጂ አንገትን ማስረዘም መፍትሔ አይደለም።

ማስተካከያ የሌለው ስኮፕ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ጭንቅላቱን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ በምስሉ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት እንዲታየው ያድርግ። ቀለበቱ ዙሪያውን እኩል ከሆነ ዓይኑ መሃል ላይ ነው፤ በአንድ ወገን ከወፈረ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ጉንጩን ያስተካክል።