ስለ ሞት ማውራት ማሟረት ነው?

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «እኔ ስሞት በዚህ ጠባብ ደረጃ እንዴት አድርጋችሁ ነው የምታወርዱኝ?» አሉ። ግማሹ ሰው ሳቀ። ግማሹ አማተበ። እናቴ ካማተቡት ወገን ነበረች። «ምን አፋቸውን ያሟርታቸዋል!» እያለች ቤት ድረስ አጉረመረመች። እኔ ግን የሰውዬው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም።

«ስለ ሞት ማውራት ማሟረት ነው»

ይህን የሚሉት ሰዎች ራሳቸው የእድር አባል ናቸው። በየወሩ ብር እያዋጡ ለገዛ ቀብራቸው እየተዘጋጁ ነው እኮ! እድር አዲስ አበባ ውስጥ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከየአገሩ መጥቶ ከተማ የገባ ሰው፣ ዘመዱ ሩቅ ቢሆንም የሚቀብረው እንዳያጣ። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ዕጣ አውጥተን ከየሰፈሩ ተሰባስበን ስንመጣ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም ነበር። የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም ያወቅኩት ለእድሩ ድንኳን ስንገዛ ነው። ዛሬ ቁልፌን የማስቀምጠው እሷ ጋ ነው። ያስተዋወቀን ሞት ነው፤ ሌላ ምን ልበል?

«ሞትን የሚያስብ ሰው ሕይወት ያስጠላዋል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎራ ካርስተንሰን ሰው ጊዜው እያጠረ መሆኑ ሲሰማው ምን እንደሚያደርግ ለዓመታት አጥንተዋል። እንዲህ ያለው ሰው አዲስ ትውውቅ ማብዛቱን ይተውና ወደሚወዳቸው ይጠጋል። ጉዳዩ የእርጅና ብቻ አይደለም። ወጣቶችም ብቻቸውን ሩቅ ቦታ ሊሄዱ እንደሆነ እንዲያስቡ ሲደረግ፣ ልክ እንደ አዛውንቶቹ የቅርብ ሰው ነው የሚመርጡት።

እኛ ይህን በዲቪ እናውቀዋለን። ቪዛው የተመታለትን ልጅ እዩት። ለዓመታት ያልረገጠውን የአክስቱን ቤት ያንኳኳል። ከተኳረፈው ወንድሙ ጋር ይታረቃል። የእናቱን ሽሮ ጣቱን እየላሰ ይበላል። ሽሮው ያው የትናንቱ ሽሮ ነው።

እርግጥ ሞት ሞት እያለው እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው ሰው ሌላ ነው። እሱ ሐኪም ማየት አለበት።

«ኑዛዜ የጻፈ ቶሎ ይሞታል»

አይሞትም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ይፈረማል። ሐሳብ ከተቀየረ ደግሞ ይሻራል። በቃ።

«ሞትን የተቀበለ ሰው አያለቅስም»

ይህን ከየት እንዳመጣነው እንጃ። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ያለው ሕዝብ ሐዘን በሦስት ቀን እንደማያልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። «በቃ እርሺው» የሚል ለቅሶ ደራሽ ነው የተሳሳተው።

«ፍቅር በልብ ነው፤ አይነገርም»

በቁሙ ያልተነገረው ድንኳን ውስጥ ይነገራል። «እንዲህ ደግ ነበር፣ እንዲህ ይወደኝ ነበር» እየተባለ። ሰውዬው ግን አይሰማም።

ከስብሰባው በማግስቱ ያቺ ያማተበችው እናቴ ጠራችኝና ሳጥኗን ከፈተች። ከታች፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ከኢየሩሳሌም የመጣላት መግነዝ ነው። «እዚህ ነው ያለው። ኋላ ፍለጋ እንዳትደክም» አለችና መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ረከቦቱ ጋ ሄዳ ቁጭ አለች።

ምን እንደምል ጠፋኝ። «እማዬ፣ እንዳንቺ ቡና የሚያፈላ የለም እኮ። በጣም ነው የምወድሽ» አልኳት።

ጀበናውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ነካህ? አሞሃል እንዴ?»

ቶናውን ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልታ ቀዳችልኝ።