የፈረስ ስፖርት በኦሊምፒክ፦ አሠራሩ፣ ታሪኩና የማያባራው ክርክር

ዛሬ በኦሊምፒክ ሰውና እንስሳ አንድ ተወዳዳሪ ሆነው የሚቀርቡት በፈረስ ስፖርት ብቻ ነው። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ አይመደቡም፤ በአንድ ሜዳና በአንድ ደንብ ለአንድ ሜዳሊያ ይወዳደራሉ። ስፖርቱ ድሬሳዥ፣ የመሰናክል ዝላይና ኢቨንቲንግ የሚባሉ ሦስት ዘርፎች አሉት። በእያንዳንዱ የግልና የቡድን ውድድር ስላለ በድምሩ ስድስት ወርቅ ይሰጥበታል። የበላይ አካሉ በ1921 የተመሠረተው፣ መቀመጫውን ሎዛን ያደረገው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን (ኤፍኢአይ) ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ይህ ስፖርት ኦሊምፒክ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ለመፍረድ ግን ሜዳው ላይ የሚሆነውን ማወቅ ይቀድማል፤ ብዙው ተመልካች የሚያየው ፈረሱ ሲዘል እንጂ ጋላቢው ሲሠራ አይደለም።

ሦስቱ ዘርፎች

ድሬሳዥ የሚካሄደው 60 በ20 ሜትር በሆነ፣ ዙሪያው በፊደላት ምልክት በተደረገበት ሜዳ ነው። ሰባት ዳኞች በተለያየ አቅጣጫ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ውጤቱ በመቶኛ ይሰላል። ፈረሱ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ የታዘዘውን ይፈጽማል። ከሁሉም የሚከብደው ፒያፍ ነው፤ ፈረሱ ወደ ፊት ሳይሄድ ባለበት ሶምሶማ ይረግጣል። የኋላ እግሮቹ ምት ከሳቱ፣ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ወይም ጅራቱን በንዴት ካወናጨፈ ነጥቡ ወዲያው ይወርዳል። በደንገላሳ እየሄደ በየእርምጃው መሪ እግሩን 15 ጊዜ በተከታታይ መቀያየርም አለበት፤ አንዷን ከሳተ የዚያ እንቅስቃሴ ነጥብ ይበላሻል። የጋላቢው ትእዛዝ በዛብ፣ በባትና በወገብ ክብደት የሚተላለፍ ሲሆን የጥሩ ጋላቢ ምልክቱ ትእዛዙ ለዓይን አለመታየቱ ነው። «ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?» የሚለው ትችት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

በመሰናክል ዝላይ በኦሊምፒክ ደረጃ ቁመቱ እስከ 1.65 ሜትር ይደርሳል። አንድ አግዳሚ ከወደቀ 4 ቅጣት፣ ፈረሱ መጀመሪያ እምቢ ካለ 4፣ ሁለተኛ ካለ ስንብት ነው። ጋላቢው ከወደቀም ውድድሩ ያበቃል። ከተፈቀደው ሰዓት ላለፈ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 1 ቅጣት ይታከላል። ሥራው የሚጀምረው ፈረሱ ሜዳ ከመግባቱ በፊት፣ ጋላቢው በእግሩ ርቀት ሲለካ ነው። የፈረስ አንድ የደንገላሳ እርምጃ 3.6 ሜትር አካባቢ ነው፤ ጋላቢው 90 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እርምጃ ስለሚራመድ አራት የሰው እርምጃ አንድ የፈረስ እርምጃ ይሆንለታል። አንድ እርምጃ ብቻ በሚያስገባ ጥንድ መሰናክል መካከል ያለው ክፍተት ከ7.3 እስከ 8 ሜትር ነው። ፈረሱ ወደ መሰናክሉ አብዝቶ ከቀረበ በፊት እግሩ፣ ከሩቅ ከተነሣ ደግሞ በኋላ እግሩ ያወርደዋል። የመስመር ቀያሹ ብልሃትም እዚሁ ላይ ነው፤ ክፍተቱን ግማሽ እርምጃ አጉድሎ ጋላቢው በሰከንድ ውስጥ እንዲወስን ያስገድደዋል፦ ያሳጥር ወይስ ያስረዝም?

ኢቨንቲንግ ድሬሳዥን፣ አገር አቋራጭንና ዝላይን በአንድ ፈረስ የሚያጣምር፣ ከጦር ሠራዊት ፈተና የተወለደ ዘርፍ ነው። (አገር አቋራጭ ሲባል የጃን ሜዳው ሩጫ ትዝ የሚለው አንባቢ ብዙም አልተሳሳተም፤ እዚህም ኮረብታ፣ ጉድጓድና ውኃ አለ።) በደቂቃ 570 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት የማይነቃነቁ የግንድ መሰናክሎች ይዘለላሉ። እምቢታ 20 ነጥብ፣ ከተመደበው ሰዓት በላይ እያንዳንዱ ሰከንድ 0.4 ያስቀጣል። ትልቁ አደጋ ፈረሱ በደረቱ ወይም በፊት ክንዱ መሰናክሉን መትቶ መገልበጡ ነው፤ ጋላቢው ከሥር ይቀራል። ለዚህ ሲባል ብዙ መሰናክሎች ሲመቱ በሚሰበር ፒን ወይም በሚለቅ መያዣ ይታሰራሉ፤ መያዣውን ያስለቀቀ 11 ነጥብ ይቀጣል። ከ2004 አቴንስ ጀምሮ ከአገር አቋራጩ በፊት የነበሩት የመንገድ ጉዞና ፈጣን ግልቢያ ቀርተዋል።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ፈረስ ከሚያቃጥለው ጉልበት አብላጫው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ እንደጨረሰ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ሳያቋርጡ በመላ ሰውነቱ ማፍሰስ፣ በጥላ ማንሸራሸርና የሰውነቱን ሙቀት ደጋግሞ መለካት ግዴታ ነው። «ትኩስ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ጡንቻ ያስራል» የሚለው የቆየ እምነት ከ1996 አትላንታ በፊት በተደረጉ ጥናቶች ውድቅ ሆኗል።

ታሪክ

በጥንቱ ኦሊምፒያ ባለ አራት ፈረስ ሠረገላ በ680 ዓ.ዓ.፣ የግልቢያ ውድድር በ648 ዓ.ዓ. ገባ። አክሊሉ የሚደፋው ለባለቤቱ እንጂ ለነጂው አልነበረም። ሴቶች መወዳደር በማይችሉበት ዘመን የስፓርታዋ ኪኒስካ በ396 እና በ392 ዓ.ዓ. ያሸነፈችው በዚህ ምክንያት ነው።

በዘመናዊው ኦሊምፒክ ፈረስ በ1900 ፓሪስ ላይ ብቅ አለ፤ የፈረስ ርዝመት ዝላይ እንኳ ነበረ፣ አሸናፊው 6.10 ሜትር ዘለለ። ቋሚ ቦታ የያዘው በስዊድናዊው ክላረንስ ፎን ሮዘን ጥረት በ1912 ስቶክሆልም ላይ ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ሜዳው የመኮንኖች ነበር። በ1948 የድሬሳዥ ቡድን ወርቅ ያገኘችው ስዊድን ሜዳሊያዋን የተነጠቀችው ከጋላቢዎቿ አንዱ ለውድድሩ ሲባል ብቻ መኮንን ተደርጎ የተሾመ የበታች ሹም በመሆኑ ነው። በ1952 ድሬሳዥ ለሴቶች ተከፈተ። በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ የሆነችው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በዚያው ዓመት ብር ወሰደች። ዝላይ በ1956፣ ኢቨንቲንግ በ1964 ሴቶችን አሰለፉ።

1956 ለብቻው ይነገር። ጨዋታው የሜልበርን ነበር፤ አውስትራሊያ ግን በእንስሳት ለይቶ ማቆያ ሕጓ የተነሣ የውጭ ፈረስ አላስገባም አለች። የፈረሱ ውድድር ብቻውን በሰኔ ወር ስቶክሆልም ላይ ተካሄደ፤ ከ29 አገሮች 158 ጋላቢዎች መጡ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሰለፈችው በዚሁ ዓመት በኅዳር ሜልበርን ላይ ነው። በስዌዝና በሃንጋሪ ጉዳይ ሜልበርንን የተዉት ግብፅ፣ ኔዘርላንድስ፣ ስፔንና ስዊዘርላንድ ግን ስቶክሆልም ላይ ተወዳድረው ነበርና የዚያን ዓመት ኦሊምፒክ ፈጽሞ አልሳቱትም።

ስቶክሆልም የስፖርቱን ክብርም ነውርም አንድ ላይ አሳየ። ጀርመናዊው ሃንስ ጉንተር ቪንክለር በመጀመሪያው ዙር የብሽሽት ጡንቻው ተቀደደ። በሁለተኛው ዙር በማደንዘዣ ታግዞ ኮርቻው ላይ ወጣ፤ ባዝራይቱ ሃላ በመሪዋ ብዙም ሳትታገዝ አንድ አግዳሚ ሳትጥል ጨረሰች፣ ሁለት ወርቅም አስገኘች። ከእሷ በኋላ በጀርመን ሌላ የስፖርት ፈረስ በስሟ እንዳይጠራ ተደረገ። በድሬሳዥ በኩል ደግሞ የጀርመኑና የስዊድኑ ዳኞች እያንዳንዳቸው የአገራቸውን ሦስት ጋላቢዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ አስቀምጠው ተገኙ፤ ሁለቱም ታገዱ።

ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ዋናው ለውጥ የመኮንኑ ዩኒፎርም ለሲቪሉ ኮት ቦታ መልቀቁ ነው። በ2008 የቤጂንጉ የፈረስ ውድድር፣ ዳግመኛ በበሽታ ቁጥጥር ምክንያት፣ ሆንግ ኮንግ ተወሰደ። ጀርመናዊቷ ኢዛቤል ቬርት እስከ 2024 ፓሪስ ድረስ 8 ወርቅና 6 ብር ሰብስባለች።

ስፖርተኛው ማን ነው?

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ክርክር ግማሽ መልስ ነው። ተቃዋሚዎች የሃላን ታሪክ አንሥተው ሜዳሊያው የእንስሳው ነው ይላሉ። እውነት አለው፤ ነገር ግን ሃላን ለዚያ ቀን ያበቃት የዓመታት ሥልጠና የጋላቢዋ ነበር። የኢትዮጵያ ልማድ ጉዳዩን ከግሪኮቹ በተሻለ ፈትቶታል ማለት ይቻላል፤ ቴዎድሮስን «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክን «አባ ዳኘው» እያለ ሰውየውን በፈረሱ ስም ጠርቷል። ጉግስ የተጫወተም ጋላቢ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥ ያውቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ የተደራሽነት ነው። ፈረስ በአውሮፕላን ይጓዛል፤ ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ታስሮ ረጅም ሰዓት ከቆየ ከመተንፈሻው ቆሻሻ ስለማይወርድለት ለሳንባ ምች ይጋለጣል፤ ሰውነቱም ውኃ ያጣል። ተንከባካቢ፣ ሐኪም፣ የኮቴ ብረት አንጣሪ፣ መኖ፣ ኢንሹራንስ ሁሉ ገንዘብ ነው። ለአፍሪካ ደግሞ ሌላ ግድግዳ አለ። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው፣ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፍ ቫይረስ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሰሃራ በታች ይገኛል፤ ለበሽታው ባዕድ የሆኑ ፈረሶችን በብዛት ይገድላል። ስለዚህ በሽታው ካለበት አካባቢ ፈረስ በነፍሳት መከላከያ በተከለለ ለይቶ ማቆያ ሳያልፍ አውሮፓ አይገባም። ኢትዮጵያ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፤ አዊ ውስጥ በ1932 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እልፍ ጋላቢ ያሰልፋል። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ማለት ይቻል ነበር፣ የጤና ሰርተፊኬቱ ባይኖር። ከአህጉሪቱ ወደ ኦሊምፒክ የሚደርሱት ጋላቢዎች ብዙዎቹ ፈረሳቸውን አውሮፓ የሚያኖሩ ናቸው። ኮታቸውንም ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር ይጋራሉ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2012 ለንደን በቡድን ዝላይ ነሐስ እስከማግኘት ደርሳለች።

ሦስተኛው የእንስሳው ደኅንነት ነው፤ እዚህ ላይ ስፖርቱ የሚከላከልበት ቃል እየሳሳ መጥቷል። በ1936 በርሊን ሦስት ፈረሶች በአገር አቋራጩ ምክንያት ሞቱ። በ2004 የአየርላንዱ ዋተርፎርድ ክሪስታል በተከለከለ መድኃኒት ወርቁን አጣ። በ2008 በአራት ፈረሶች ላይ የቃሪያ ቅመም የሆነው ካፕሳይሲን ተገኘ፤ ቆዳ ላይ ሲቀባ ያቃጥላል፣ ፈረሱም አግዳሚ መንካት ይፈራል። ኖርዌይ የቡድን ነሐሷን በዚህ ተነጠቀች። በድሬሳዥ አንገትን በኃይል አጥፎ አፍን ከደረት ማገናኘት በ2010 ተወገዘ፤ አፍንጫ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ ጥብቀት በጣት ከመገመት ይልቅ በመለኪያ መፈተሽ የተጀመረው ግን በ2025 ነው።

ስፖርቱን አብዝቶ የጎዳው የራሱ ያልሆነ ውድድር መሆኑ ያሳዝናል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የዘመናዊ ፔንታትሎን (አምስት ስፖርቶችን የሚያጣምር ውድድር) ተወዳዳሪዎች በዕጣ የደረሳቸውን፣ ከ20 ደቂቃ በላይ የማያውቁትን ፈረስ ይጋልቡ ነበር። ሴንት ቦይ የተባለው ፈረስ እምቢ አለ፣ አንዲት አሠልጣኝ በቡጢ መታችው፣ ምስሉም ዓለምን ዞረ። ፔንታትሎን ከ2024 በኋላ ፈረስን አስወጥቶ በመሰናክል ሩጫ ተካው። ኤፍኢአይ በ2022 የሥነ ምግባርና የደኅንነት ኮሚሽን አቋቋመ። ከፓሪስ ጨዋታ ጥቂት ቀናት በፊት ግን የእንግሊዟ ሻርሎት ዱጃርዲን በሥልጠና ላይ ፈረስ በጅራፍ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ራሷን አገለለች፣ ለአንድ ዓመትም ታገደች።

ከቶኪዮ ጀምሮ ቡድኖች ከአራት ወደ ሦስት ጋላቢ ወርደዋል። ዓላማው ብዙ አገሮችን ማስገባት ነበር፣ ገብተዋልም። ነገር ግን የደከመውን ውጤት መጣል ስለቀረ፣ ፈረሱ የታከተውን ጋላቢ ለቡድኑ ሲል እንዲገፋ ያስገድዳል የሚል ተቃውሞ ከራሳቸው ከጋላቢዎቹ ይነሣል። በ2028 ሎስ አንጀለስ ሦስቱም ዘርፎች በመርሐ ግብሩ ውስጥ ናቸው።