የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሳኝ ውጊያዎች፦ የሚባለውና የሆነው

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲወራ ሁሌ የሚነሱ ስሞች አሉ። ስታሊንግራድ፣ ሚድዌይ፣ ኖርማንዲ። ከስሞቹ ጋር ደግሞ ተያይዘው የሚመጡ ትረካዎች አሉ። ብዙዎቹ ከግማሽ በላይ እውነት የላቸውም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ነገሩ በአንድ ቀን ጀግንነት ወይም በአንድ ቀን ዕድል ሲተረክ፣ ውጊያውን ወሳኝ ያደረገው ዋናው ጉዳይ ይረሳል። ስንቁ፣ ነዳጁ፣ ሐዲዱ፣ ፋብሪካው፣ የተፈታው የምስጢር መልእክት ይረሳል። የተሸነፈ ጦር ያጣውን መተካት ከቻለ ተመልሶ ይመጣል። መተካት ሲያቅተው ነው ውጊያው ወሳኝ የሚሆነው። ቀኖቹን፣ ሌላ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«በእኛ አካባቢ የተደረገው ውጊያ ለዓለም ጦርነቱ ምንም አልጨመረም»

ይህን የሚሉት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የራሳችንም ሰዎች ይሉታል። እስቲ ከረንን እንይ። ከኤርትራ ምዕራባዊ ቆላ ወደ አስመራ የሚወጣው መንገድ በጠባቡ የዶንጎላስ ሸለቆ ያልፋል። ጣሊያኖች ሸለቆውን በፈንጂ ንደው ዘጉት። ዙሪያውን ያሉትን ተራሮች ይዘውም ጠበቁ። 4ኛውና 5ኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ያሉበት የእንግሊዝ ጦር ከፌብሩዋሪ 3 እስከ ማርች 27, 1941 ድረስ ተዋጋ። ከረን ስትወድቅ አስመራ በኤፕሪል 1 ተያዘች። ምጽዋ በኤፕሪል 8 ተከተለች።

ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አሜሪካ ያኔ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። የገለልተኝነት ሕጓም የንግድ መርከቦቿን ወደ ጦርነት ቀጠና እንዳይገቡ ይከለክላል። በኤፕሪል 11 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከእንግዲህ የጦርነት ቀጠና አይደሉም ብለው አወጁ። በዚህም የአሜሪካ መርከቦች እስከ ስዊዝ ድረስ ጭነት ማድረስ ቻሉ። ከጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ጋር የሚፋለመው በግብፅ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ስንቅና ትጥቅ የሚያገኝበት ተጨማሪ በር ተከፈተለት ማለት ነው። 4ኛው የሕንድ ክፍለ ጦር ራሱ ከረን እንደወደቀች ወደ ሰሜን መመለስ ጀመረ።

«ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው» የሚለው አባባልም እዚሁ መታረም አለበት። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በየአውራጃው ደግሞ ስማቸው ብዙ የማይነሳ አርበኞች ጣሊያንን ለአምስት ዓመት እንቅልፍ ነስተውታል። ጣሊያን በየምሽጉና በየከተማው እንዲበትን የተገደደው ጦር ከረን ላይ ሊሰለፍ አልቻለም። በሌላ በኩል የከረንን ተራሮች ያለ መድፍና ያለ አውሮፕላን ማስለቀቅ የሚቻል አልነበረም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አያስፈልግም።

ጦርነቱ ደግሞ ጃንሆይ አዲስ አበባ በገቡበት በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አላለቀም። የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጎንደር ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እስከ ኖቬምበር 27, 1941 ድረስ ተዋግቷል። እዚያም ጣሊያንን ከወጉት ውስጥ አርበኞች ነበሩበት።

«ሂትለርን ሞስኮ ደጃፍ ላይ ያሸነፈው ብርዱ ነው»

ብርዱ የጀርመን ወታደሮችን ክፉኛ ጎድቷል፤ ይህ አይካድም። ግን ብርዱ የመጣው ጦሩ ከተዳከመ በኋላ ነው። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በጁን 22, 1941 ስትወር ጉዳዩን በጥቂት ሳምንታት ለመጨረስ አስባ ነበር። ኖቬምበር ሲያልቅ ግን ከ700 ሺህ በላይ ወታደር ሞቶባታል፣ ቆስሎባታል ወይም ጠፍቶባታል። ይህ ሁሉ የዲሴምበር ውርጭ ከመምጣቱ በፊት ነው።

ስንቁም አልደረሰም። የሶቪየት ሐዲድ ከጀርመኑ ሰፋ ያለ ስለነበር የጀርመን ባቡሮች በቀጥታ ሊሄዱበት አይችሉም። ሐዲዱን እየነቀሉ እንደገና መዘርጋት ነበረባቸው። በታንኮቹ የሚታወቀው ይህ ጦር አብዛኛውን ጭነቱን የሚጎትተው በፈረስ ነበር። በዲሴምበር 5 የሶቪየቱ ጄኔራል ዡኮቭ የመልሶ ማጥቃቱን ሲጀምር የገጠመው የደከመና ከስንቁ የራቀ ጦር ነው። ብርዱ ለሶቪየት ወታደርም ብርድ ነበር። ሁሉንም ለብርድ የሚሰጥ ሰው እዚያ የሞተውን ወታደር ድርሻ ይወስድበታል።

«ጀርመን ስታሊንግራድ ላይ የተሸነፈችው በቤት ለቤት ውጊያ ነው»

ፊልሞች የሚያሳዩን ፍርስራሹን፣ አልሞ ተኳሾቹንና በየደረጃው የሚደረገውን ትንቅንቅ ነው። ያ ሁሉ ሆኗል። የቹይኮቭ 62ኛው ጦር ከቮልጋ ዳር ባለች ቀጭን መሬት ላይ ተጣብቆ መቆየቱ ለማመን የሚከብድ ጽናት ነው። ግን የጀርመን 6ኛ ጦር የጠፋው በከተማው ውስጥ አይደለም። የጠፋው ከከተማው ርቆ በሚገኘው ሜዳ ላይ በተፈጸመ ከበባ ነው።

ጀርመን ጠንካራ ጦሯን ወደ ከተማው ስታጉር፣ ሰፊውን ክንፍ እንዲጠብቁ የተወቻቸው አጋሮቿን ሮማንያውያንን ነበር። እነዚህ ሰዎች ታንክ መምቻ መሣሪያ የረባ አልነበራቸውም። የሶቪየት አዛዦች ይህን አይተዋል። ከተማው ውስጥ ጀርመኖችን ለመያዝ የሚበቃ ያህል ብቻ ጦር እየላኩ፣ ዋናውን ኃይል በስውር ከኋላ አከማቹ። በኖቬምበር 19, 1942 ከሰሜን፣ በማግስቱ ከደቡብ መቱ። በኖቬምበር 23 ሁለቱ ክንዶች ካላች አጠገብ ተገናኙ። ከ250 ሺህ በላይ ሰው ከበባ ውስጥ ገባ።

የጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ጎሪንግ በአውሮፕላን እቀልባቸዋለሁ አለ። የተከበበው ጦር በቀን ቢያንስ 300 ቶን ያስፈልገዋል። የደረሰው በአማካይ ከ120 ቶን ያልበለጠ ነው። ረሃቡ የጀመረው እዚህ ሒሳብ ላይ ነው። የ6ኛው ጦር አዛዥ ፓውሉስ የፊልድ ማርሻልነት ማዕረግ በተሰጠው ማግስት፣ በጃንዋሪ 31, 1943 ተማረከ። ከሁለት ቀን በኋላ ቀሪው ጦር እጁን ሰጠ። ከተማረኩት 90 ሺህ ገደማ ሰዎች አገራቸው የተመለሱት 6 ሺህ አይሞሉም።

«አንድ ጠመንጃ ለሁለት ወታደር» የሚለውም እዚሁ ይነሳል። በ1941ዱ ትርምስ አንዳንድ ቦታ የመሣሪያ እጥረት ነበር። የ1942ቷ ሶቪየት ግን ሌላ አገር ናት። ፋብሪካዎቿን ነቅላ ወደ ኡራል ካሻገረች በኋላ በዚያ ዓመት ብቻ ከ24 ሺህ በላይ ታንክና በራሱ የሚንቀሳቀስ መድፍ ሠርታለች። ጀርመን የሠራችው 6 ሺህ ገደማ ነው።

«ኩርስክ ላይ የጀርመን ታንኮች አለቁ»

በጁላይ 12, 1943 ፕሮኾሮቭካ በተባለ ቦታ በተደረገው የታንክ ግጥሚያ ብዙ ታንክ ያጡት ሶቪየቶች ናቸው። ያውም በብዙ እጥፍ። ታዲያ እንዴት አሸነፉ? ጀርመን በኩርስክ ከተማ ዙሪያ ያለውን የሶቪየት ጦር ለመክበብ ተነስታ አላሳካችም። ሶቪየት ያጣችውን ተክታ ወዲያው ወደ ማጥቃት ዞረች። ኦርዮልን በኦገስት 5፣ ኻርኮቭን በኦገስት 23 ያዘች። ከዚያ ወዲያ ጀርመን በምሥራቅ ግንባር ያን የሚያህል ማጥቃት አልሞከረችም።

«ሚድዌይ የአምስት ደቂቃ ተአምር ነው»

በጁን 4, 1942 ጠዋት፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሚድዌይ ደሴት አካባቢ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎቹን አካጊን፣ ካጋንና ሶርዩን በደቂቃዎች ውስጥ በእሳት አያያዟቸው። አራተኛዋ ሂርዩ የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ተመታች። ጃፓን አራት ትልልቅ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦችን አጣች፤ አሜሪካ ያጣችው ዮርክታውንን ነው። ስለዚህ ዕድል ነው ይባላል።

አሜሪካኖቹ ግን እዚያ የተገኙት በዕድል አይደለም። ፐርል ሃርበር ላይ በጆሴፍ ሮሽፎርት የሚመራ ቡድን የጃፓንን የምስጢር መልእክት በከፊል እየፈታ ነበር። ጃፓኖች ሊያጠቁት ያሰቡትን ቦታ በሁለት ፊደል ምልክት ብቻ ይጠሩታል። ቡድኑ ሚድዌይ መሆኑን ጠረጠረና ወጥመድ ዘረጋ። የደሴቲቱ የውሃ ማጣሪያ እንደተበላሸ የሚገልጽ መልእክት ሆን ተብሎ በግልጽ ተላለፈ። ብዙም ሳይቆይ ጃፓኖች ያ ምልክት ያለው ቦታ ውሃ አጥሮታል ብለው ሲያወሩ ተሰሙ። የአሜሪካ የፓስፊክ ባሕር ኃይል አዛዥ አድሚራል ኒሚትዝ መርከቦቹን አስቀድሞ ማሰለፍ የቻለው በዚህ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሁሉ መርከቡ ወለል ላይ ተደርድረው ሊነሱ ሲሉ ተመቱ የሚለው ትረካ ትክክል አይደለም። ለማጥቃት የተዘጋጁት አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ገና ከወለሉ በታች ባለው መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ቀደም ብለው በቶርፔዶ የመጡት የአሜሪካ አብራሪዎች አንድም መርከብ አልመቱም፤ አብዛኞቹ ሞተዋል። ግን ጃፓኖች ጠባቂ አውሮፕላኖቻቸውን ከማንሳትና ከማሳረፍ ፋታ እንዲያጡ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው፣ ጃፓን ምርጥ አብራሪዎቿን እዚያ ጨረሰች የሚለው ነው። የሞቱት አብራሪዎችና ሠራተኞች 110 ገደማ ናቸው። ብዙዎቹ ተርፈው፣ ያለቁት በቀጣዮቹ ወራት በጓዳልካናልና በሰለሞን ደሴቶች ነው። ጃፓን አብራሪም መርከብም ቶሎ መተካት አልቻለችም። አሜሪካ ጦርነቱ እስኪያልቅ ትንሽ ትልቁን ጨምሮ ከ100 በላይ አውሮፕላን ተሸካሚ ሠርታለች።

«ወሳኝ ውጊያ ቀንና ቦታ አለው»

የአትላንቲክ ውጊያ ከ1939 እስከ 1945 ድረስ ዘልቋል። ድል የተገኘበት አንድ ሜዳ የለውም። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ የሚሄደውን ምግብ፣ ነዳጅና መሣሪያ ለማቋረጥ ተዋጉ። ራዳር፣ ሩቅ የሚበሩ አውሮፕላኖች፣ በተደራጀ አጀብ መጓዝና የምስጢር መልእክት መፍታት ተደማምረው ነገሩን ገለበጡት። በሜይ 1943 ብቻ ከ40 በላይ ሰርጓጅ መርከቦች ሰጠሙ። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ ዴኒትዝም ቀሪዎቹን ከሰሜን አትላንቲክ አስወጣ። ከጀርመን የሰርጓጅ መርከብ ባሕረኞች ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሞተዋል። ይህ ባይሆን ኖርማንዲ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር፤ ሰውና ዕቃው የሚሻገረው በዚያ ባሕር ነው።

«ጦርነቱ የተወሰነው ኖርማንዲ ላይ ነው»፣ «ሶቪየት ብቻዋን ነው ያሸነፈችው»

እነዚህ ሁለቱ ሲጋጩ ነው የሚውሉት። በጁን 6, 1944 ኖርማንዲ ላይ 156 ሺህ ገደማ ወታደር አረፈ። በዚያው ወር መጨረሻ ሶቪየቶች ቤላሩስ ላይ ኦፕሬሽን ባግራቲዮንን ጀመሩ። በጥቂት ሳምንታት ከ20 በላይ የጀርመን ክፍለ ጦሮች ከጥቅም ውጭ ሆኑ። በጦርነቱ ከሞቱት የጀርመን ወታደሮችም የሚበዙት የሞቱት በምሥራቅ ግንባር ነው። ስለ ኖርማንዲ ብቻ የሚያስተምር ታሪክ ይህን ሁሉ ሰው ይዘላል።

ግን ባግራቲዮን ላይ ያ ጦር በምን ነው እንደዚያ የፈጠነው? ከአሜሪካ በተላኩ የጭነት መኪናዎች። በጦርነቱ ዘመን ለሶቪየት የተላኩት የጭነት መኪናዎችና ጂፖች 400 ሺህ ገደማ ናቸው። 2 ሺህ ገደማ የባቡር ሎኮሞቲቭ፣ ጫማና የታሸገ ምግብም አብሮ ሄዷል። ከጦርነቱ በኋላ ሞስኮ ይህን ማንሳት ብዙም አትወድም ነበር። ስታሊን ራሱ ግን በኖቬምበር 30, 1943 ቴህራን ውስጥ፣ በቸርችል የልደት እራት ላይ፣ ሩዝቬልት በተገኙበት ጽዋ አንስቶ ተናግሮታል፦ እነዚያ የአሜሪካ ማሽኖች ባይኖሩ ጦርነቱን እንሸነፍ ነበር ብሏል።