በመሀል አዲስ አበባ በእጅ የሚሠራ ቢላዋ፦ ከባሌስትራው እስከ እጀታው

በመሀል አዲስ አበባ በእጅ የሚሠራው ቢላዋ በአመዛኙ የመርካቶ፣ በተለይም የምናለሽ ተራና የአካባቢው ቀጥቃጮች ሥራ ነው። ጥሬ ዕቃው አዲስ ብረት አይደለም፤ ቁራሌው ከየሰፈሩ የሰበሰበው፣ ከጋራዥ የወጣው፣ ሶማሌ ተራ ላይ ከተፈታ መኪና የተረፈው ውራጅ ነው። ገዢው ብዙ ዓይነት ነው። ቁርጥ የሚበላ ሰው ፊት የሚቀመጠው ቀጭን ቢላዋ፣ ልኳንዳው የሚበልትበት፣ ክትፎ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚከትፍበት፣ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የሚቆረጥበት ሁሉም የየራሱን ውፍረትና እጀታ ይፈልጋል። ገበያው በዓመት በዓል ዋዜማ፣ ከሁሉም በላይ ለፋሲካ ይደራል፤ በጥድፊያ ተሠርቶ የሚሸጠው መናኛ ቢላዋም በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው።

ሙያው ረጅም ዕድሜ አለው፣ ክብሩ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ በሥራቸው ሲሰደቡ ኖረው አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የከተማዋ ዋና ገበያ በዚያን ጊዜ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር፤ ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነው አሁን መርካቶ ወደምንለው ቦታ የተዛወረው። የእጅ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በዓይን ስለተላለፈ ዛሬም ሙቀት የሚለካው በቀለም ነው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዓይኑ የለመደ ሠሪ በቀለም ብቻ ጥሩ ስለት ያወጣል። ጉድለቱ የሚመጣው አንዳንዱ ደረጃ ለመቸኮል ሲባል ሲዘለል ነው።

ብረቱ

ተመራጩ ብረት የጭነት መኪና ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ቅጠል በቅጠል ተደራርቦ ጭነት የሚሸከመው ብረት ነው። ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ ካርቦን ስላለው ይጠነክራል፣ ሲመታም በቀላሉ አይሰበርም። ሞረድ ካርቦኑ 1 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነ ስለቱ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ነገር ግን ርካሹ ሞረድ አንዳንዴ የጠነከረው ላዩ ብቻ ሲሆን ውስጡ ተራ ብረት ሆኖ ይገኛል። ፌሮና ላሜራ ምንም ያህል ቢሞረዱ ቢላዋ አይሆኑም፤ ካርቦናቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ግለው ቢነከሩም አይጠነክሩም። ገበያ ላይ አምሮ ተወልውሎ በሁለተኛው ሳምንት የሚደነዝዘው ቢላዋ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ የተሠራ ነው።

ብረቱን ለመለየት ሁለት ፈተናዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ግራይንደር ማስነካት ነው። ፌሮ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ብዙ የማይበተን ፍንጣሪ ይሰጣል፤ ባሌስትራና ሞረድ ጫፉ ላይ እንደ አበባ የሚፈነዳ፣ ቅርንጫፍ የበዛ ፍንጣሪ ያወጣሉ። ሁለተኛው፣ እርግጠኛውም፣ የጣት ያህል ቆርጦ ደማቅ ቀይ እስኪሆን አግሎ ዘይት ውስጥ ከነከሩ በኋላ ሞርሳ ላይ አስሮ በመዶሻ መምታት ነው። ከተሰበረ ይጠነክራል፤ ከታጠፈ ለሌላ ሥራ ይዋል።

ባሌስትራ አንድ ድብቅ ችግር አለው። ዓመታት ጭነት ተሸክሞ ስለኖረ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ስንጥቁ የሚገለጠው ቢላዋው ተቀርጾ ካለቀ በኋላ፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ “ጭቅ” ብሎ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ቅጠል ከተገኘ ከስብራቱ በሁለቱም በኩል ጥቂት ጣት ያህል ቆርጦ መጣል፣ ለመሐል ቡሎን ከተበሳው ቀዳዳ አካባቢም መራቅ ያስፈልጋል።

ባሌስትራውን ሳያግሉ በግራይንደር ብቻ ቆርጦ ቢላዋ ማድረግም የተለመደ ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ፋብሪካው ያጠነከረው ለመለጠጥ እንጂ ለስለት አይደለም። በሮክዌል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ከ40 እስከ 48 አካባቢ ነው፣ የጓዳ ቢላዋ ደግሞ ከ55 እስከ 58 ይፈልጋል። እንዲህ የተሠራ ቢላዋ አይሰበርም፣ ስለቱ ግን አጥንት በነካ ቁጥር ይተኛል።

ማጠንከር

ቅርጹ በመስፍ ላይ (ብዙ ቦታ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ይህን ሥራ ይሠራል) ተቀጥቅጦ ከወጣ በኋላ፣ ብረቱን ሦስት ጊዜ ቀይ እስኪሆን እያጋሉ በአየር ማቀዝቀዝ ውስጡ የቀረውን ውጥረት ያወጣል። ይህን የዘለለ ሰው ቢላዋው ዘይት ውስጥ ሲጣመምበት ምክንያቱን አያውቅም። የጀርባው ውፍረት ለጓዳ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር፣ ለበላች (ሥጋ ለሚበልት) 3 ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ስለቱ ከመነከሩ በፊት 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት መተው አለበት፤ አስቀድሞ ከሳሳ ይሰነጠቃል ወይም ይጠማዘዛል። የእጀታው ቀዳዳዎችም አሁኑኑ ይበሳሉ። ከተነከረ በኋላ የትራፓኖው መርፌ ብረቱን አይነካውም።

ሙቀቱን ለማወቅ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥሎ ማስጠጋት ቀላል መንገድ ነው። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ መሳብ ያቆማል። ባሌስትራ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከ820 እስከ 845 ባለው፣ ቀዩ ወደ ብርቱካናማ ማዘንበል ሲጀምር ይነከራል። ይህን ቀለም በፀሐይ ማየት አይቻልም፤ ጥላ፣ ቢቻል ጨለምለም ያለ ቦታ ያስፈልጋል። ወናፉን ወይም ንፋስ መስጫውን ለመቸኮል አብዝቶ መንፋት ጫፉን ያቃጥለዋል፤ ጫፉ ነጭ ፍንጣሪ ካወጣ ያ ክፍል ተበላሽቷልና ተቆርጦ ይወጣል።

መንከሪያው ውሃ ሳይሆን ዘይት ነው። ውሃ ባሌስትራን ይሰነጥቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት በየቦታው ይገኛል፣ ጭሱ ግን መርዛማ ነው። የምግብ ዘይት ይሻላል፤ የፓልም ዘይት የሚጠቀም ሰው በአዲስ አበባ የጠዋት ብርድ ረግቶ ስለሚያገኘው መጀመሪያ ማሞቅ አለበት። የትኛውም ዘይት ቢሆን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ቢሞቅ ሥራውን የተሻለ ይሠራል፤ ቀዝቃዛ ዘይት ይወፍርና ሙቀቱን በፍጥነት አይቀበልም። ቢላዋው በጫፉ ቁልቁል ይገባና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል እንጂ ወደ ጎን አይወዛወዝም። ሲወጣ ሞረድ ላዩ ላይ ከተንሸራተተ ጠንክሯል፤ ከነከሰው እንደገና ይጋላል።

በዚህ ሁኔታ ቢላዋው እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ወዲያው በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት መጋገር አለበት። የኬክ ምድጃ ይበቃል። ምድጃ የሌለው ሠሪ ብረቱን ወልውሎ ጀርባውን ከጋለ ወፍራም ብረት ጋር ያስነካና ቀለሙን ይከታተላል፤ ስለቱ ላይ የገለባ ቢጫ ሲታይ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ ጀርባው ሰማያዊ ቢሆን ጉዳት የለውም። ከዚህ በኋላ በሚደረግ ሙረዳ ስለቱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ጥንካሬው ሄዷል። በዓመት በዓል ሰሞን በኤሌክትሪክ መሳያ ቢላዋ የሚስሉ ሰዎች ጥሩውን ቢላዋ የሚያበላሹት እዚህ ላይ ነው።

እጀታው

ገዢ የሚያየው ስለቱን ነው፤ ቢላዋው ከአገልግሎት የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጀታው ነው። ሰዎች የሚከራከሩት ወይራ ይሻላል ወይስ ቀንድ እያሉ ነው። ከዕቃው ስም በላይ የሚወስነው ግን ድርቀቱ ነው። በሐምሌ እርጥበት ወቅት ልክክ ብሎ የተገጠመ እጀታ በኅዳር ደርቆ ይሸሻል (ተኮማትሮ ከብረቱ ይርቃል)፣ ብረቱ ጠርዝ ላይ ጎልቶ ጣት ይቆርጣል። አዲስ አበባ ተሠርቶ ድሬዳዋ ወይም አፋር የሚሄድ ቢላዋ ደግሞ ከዚህም በላይ ይሸሻል።

ወይራ ከአገር ውስጥ እንጨቶች ለእጀታ የመጀመሪያው ነው። ከባድ፣ ደቃቅ ቃጫ ያለው፣ ውሃ በቀላሉ የማይገባው ነው፤ ሲወለወል ቡናማና ጥቁር መስመሩ ያምራል። ችግሩ ቀስ ብሎ መድረቁና ሲደርቅ ከጫፉ መሰንጠቁ ነው። እርጥብ ቅርንጫፍ ከተገኘ ጫፎቹን ሰም መቀባት፣ እጀታው ከሚፈልገው ትንሽ አወፍሮ በቁመቱ መሰንጠቅ፣ ጥላ ውስጥ ቢያንስ አንድ በጋ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ክትክታም ጠንካራ ነው፤ ግንዱ ቀጭን ስለሆነ ሰፊ ቁራጭ አይወጣውም እንጂ ለቀጭን ቢላዋ ከወይራ ብዙም አያንስም። ዋንዛ ቀላልና ለመቅረጽ ምቹ ነው፤ ለጓዳ ይሆናል፣ ለበላች ግን ለስላሳ ነው፤ ሪቬቱ (እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ሲመታ ይሰምጥበታል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስላለ ይፈተናል፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ለቢላዋ ባይመረጥ ይሻላል። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የሚገኝ የጥድና የዝግባ እንጨት ለዓመታት ደርቆ የቆየ ስለሆነ አይንቀሳቀስም፤ ጥድ ግን በቁመቱ ቶሎ ይሰነጠቃልና ለሪቬት ቀዳዳው ሰፋ ይበል። ውስጡ የተሰበረ ሚስማር መኖሩን በማግኔት ማየት መጋዝን ያድናል። አዲስ የተቆረጠ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው እንደነበር ይወቅ፤ ያ አዋጅ በኋላ በሌላ ስለተተካ አሁን የሚሠራበትን ሕግ አስቀድሞ ይጠይቅ።

ቀንድ ከቄራ በኩል ይመጣል። እንደ ራያ ሰንጋ ያለ ትልቅ ቀንድ ጫፉ ድፍን ነው፤ ለሚሰካ እጀታ ያ ክፍል ይፈለጋል። ከታች ያለው ክፍት ስለሆነ ተሰንጥቆ ጠፍጣፋ መደረግ አለበት። መቀቀል ብቻውን አዲስ አበባ ላይ በቂ አይደለም፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ቀንድ ደግሞ ጨርሶ እንዲለዝብ ከ100 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተቀቅሎ ይወጣና ዘይት ተቀብቶ ከሰል ላይ ራቅ ተደርጎ እየተገላበጠ ይሞቃል። እንደ ቆዳ ሲታጠፍ በሁለት ወፍራም ብረት መካከል ሞርሳ ውስጥ ይታሰራል፣ እስከ ማግስቱ አይነካም። ቶሎ የተፈታ ቀንድ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ ይመለሳል። ከመጠን በላይ የሞቀ ደግሞ ነጭ አረፋ ያወጣና በንብርብር ይላጣል። ሲሞረድ የሚወጣው አቧራ እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ሳንባ ስለሚጎዳ አፍንጫና አፍ ሸፍኖ መሥራት ግድ ነው። የቀንድ ሌላው እንከን ሲወለወል መንሸራተቱ ነው። ጮማ በነካ እጅ ለሚያዝ የሥጋ ቢላዋ በጥሩ ሁኔታ የተወለወለ ቀንድ አደገኛ ነው፤ ወይ ላዩ በጥቂቱ ይሻክር፣ ወይ ጣት ወደ ስለቱ እንዳይሄድ ከፊቱ መግቻ ይደረግለት።

አጥንት ያምራል፣ ግን ይሰነጠቃል። ለቁርጥ ቢላዋ እንጂ ለሥራ ቢላዋ አይመከርም። በድሮ ጎራዴዎች ላይ የሚታየው የአውራሪስ ቀንድና የዝሆን ጥርስ እጀታ ዛሬ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ውስጥ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ አቃጥላለች።

ፕላስቲክን የሚንቁ ብዙ ናቸው፣ ያለ አግባብ። ቀኑን ሙሉ ደምና ውሃ ለሚነካው የልኳንዳ ቢላዋ ከማንኛውም እንጨት ይልቅ ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ቁራጭ ንጹሕ ነው። ኮላ ግን አይይዘውም፤ ሙሉ በሙሉ በሪቬት መታመን አለበት። ከጂንስ ወይም ከጥጥ ጨርቅ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ጠንካራ ኮላ) እየነከሩ 20 ወይም 30 ንብርብር ደራርቦ በሁለት ሳንቃ መሐል በማሰር የሚሠራው ጠፍጣፋ ደግሞ አይደርቅም፣ አይሸሽም፣ እርጥብ እጅም ይይዘዋል።

መግጠም

ሁለት መንገድ አለ። ርካሹ የብረቱን ጭራ (እጀታው የሚይዘውን ክፍል) አግሎ እንጨቱ ውስጥ እያቃጠሉ መስካት ነው። የተቃጠለው እንጨት ከሰል ስለሚሆን ከጊዜ በኋላ ይረግፋል፣ እጀታው ይዞራል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ቀዳዳውን በትራፓኖ አጥቦ ከሰሉን ይጥረግና በኢፖክሲ ይሙላው። የተሻለው ጭራውን በእጀታው ስፋት ልክ አስቀርቶ ሁለት ቁራጭ ግራና ቀኝ ማልበስ ነው። ርዝመቱ ከ11 እስከ 13 ሳንቲሜትር፣ ጠቅላላ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር አካባቢ ለአብዛኛው እጅ ይስማማል።

ሁለቱ ፊቶች በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይቧጠጣሉ፣ በአልኮል ይጠረጋሉ፣ ወይራ ቅባት ስላለው ኮላው ሊቀባ ሲል እንደገና ይጠረጋል። ሞርሳው ከልክ በላይ ከተጠበቀ ኢፖክሲው ተጨምቆ ይወጣና መሐሉ ደረቅ ይቀራል። 24 ሰዓት ይቆያል። ሪቬቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የናስ ወይም የመዳብ ዘንግ ይሁን፤ ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦም ያገለግላል። የቀዳዳው አፍ በትንሹ ሰፋ ካላለ ሪቬቱ ሲመታ የሚያብጥበት ቦታ አጥቶ እንጨቱን ይሰነጥቃል። በትንሽ መዶሻ፣ በብዙ ቀላል ምት፣ ከሁለቱም ጎን እያገላበጡ መምታት ነው።

ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት ከሁሉም ይሻላል፤ አየር ሲያገኝ እየደረቀ እንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል። የኑግ ዘይት ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ እያጣበቀ ይቆያል፣ ቅቤ ደግሞ ይሸታል። ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ቀብቶ በየመሐሉ ማድረቅና ከላይ ከጠጅ ሰፈፍ የተጣራ ሰም ማሸት ውሃ ይከላከላል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨምቆ ጥግ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ይሰጣ ወይም ውሃ ውስጥ ይከተት።

እንዲህ የተሠራን እጀታ የሚገድለው የዕቃ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ቢላዋ እንጨቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል፣ በክፍተቱ የገባው ውሃ ጭራውን ከውስጥ ያዝገዋል። ሪቬቱ ሲላላ እንደገና መቀጥቀጥ ስንጥቁን ያብሳል እንጂ አያጠብቅም፤ ጭንቅላቱን በትራፓኖ በስቶ ማውጣት፣ ዝገቱን መጥረግና በአዲስ ሪቬትና ኢፖክሲ መግጠም ነው መፍትሔው። ስለቱ ደህና ከሆነ ይህ ጥገና የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ኮላው እስኪደርቅ የሚጠበቀው ሳይቆጠር።